አማቴ ለአገረ ገዢነት

አማቴ ከደብረ ብርሃን የመጡ ዕለት ሎስ አንጀለስ ኤርፖርት ልቀበላቸው ሄድኩ። ሁለት ሻንጣ ይዘዋል። አንዱ ልብስ ነው፣ አንዱ በርበሬ፣ ሽሮና ቆሎ። ስሞሹም እንባውም አለቀና ወደ መኪናው ስንሄድ ቀና ብለው የተርሚናሉን ስም አዩ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ስለሆኑ የተጻፈ ነገር ሳያነቡ አያልፉም።

«ቶም ብራድሊ ማነው?»

«የድሮ ከንቲባችን ነው እማማ።»

«ከንቲባ ብቻ? ይህን የሚያህል ቤት በስሙ?»

«አገረ ገዢም ሊሆን ነበር። ለጥቂት አመለጠው።»

«እንዴት አመለጠው?»

ይህን ለመመለስ የስድስት ሰዓት መንገድ ያስፈልጋል። ደግነቱ በሳምንቱ መጨረሻ የስድስት ሰዓት መንገድ ነበረብን። የሚስቴ ወንድም ኦክላንድ ነው የሚኖረው፣ ልጁን ክርስትና ያስነሳል። ሚስቴ ነርስ ናት፣ ፈቃድ አላገኘችም። ስለዚህ እኔ፣ አማቴና ሁለቱ ልጆቼ በአንድ መኪና ወደ ሰሜን።

መጀመሪያ ግን የቤታችንን ፖለቲካ ላስረዳ። አማቴ የሚቆዩት ስድስት ወር ነው። ልጃቸው ኦክላንድ፣ ልጃቸው ሎስ አንጀለስ። ስድስቱን ወር የት ነው የሚያሳልፉት? ይህ ጥያቄ ቪዛው ከመመታቱ በፊት ጀምሮ በስልክ ሲያከራክረን ከርሟል። የሚስቴ ወንድም «እናንተ ጋ መኪና ከሌለ ሰው እስረኛ ነው» ይላል። እኛ «እናንተ ጋ በነሐሴ ካፖርት ይለበሳል» እንላለን። ሁለቱም እውነት ነው፣ ለዚህ ነው የሚያናድደው።

ካሊፎርኒያ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ስቴት ይመስላል። 39 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ፣ 58 ካውንቲ፣ አንድ ባንዲራ ከነድቡ። ውስጡ ሲገቡ ግን ሰሜንና ደቡብ እንደ ሁለት ጣውንቶች ነው የሚተያዩት። እኛ ደቡቦቹ 405 ቁጥር መንገድን ስንጠራ «ዘ ፎር ኦ ፋይቭ» እንላለን፣ ሰሜኖቹ ቁጥሩን ብቻ ነው የሚጠሩት። እነሱ «ዘ»ዋን ሲሰሙ ጥርስ እንዳመመው ሰው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። የሚስቴ ወንድም የሎስ አንጀለሱን የቤዝቦል ቡድን ዶጀርስን አምርሮ ይጠላል። ይህ ሰው ካዛንቺስ ተወልዶ ያደገ ነው፣ ቤዝቦል አንድም ቀን እስከ መጨረሻው አይቶ አያውቅም። ዶጀርስና የሳን ፍራንሲስኮው ጃየንትስ ሁለቱም ከኒውዮርክ የመጡት በ1958 ነው፣ ጠባቸውንም ጠቅልለው ነው የመጡት። እኛ ደግሞ ከአዲስ አበባ መጥተን ጠቡን ያለምንም ጥያቄ ተቀበልን። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።)

ግሬፕቫይን ዳገቱን እየወጣን ስለ ብራድሊ ጀመርኩላቸው። ቴክሳስ ውስጥ የተወለደ፣ ወላጆቹ በሰው መሬት ጥጥ ሲያመርቱ የኖሩ፣ ፖሊስ የነበረ፣ ከዚያ ከ1973 ጀምሮ 20 ዓመት ከንቲባ የሆነ ጥቁር ሰው ነው። በ1982 ለአገረ ገዢነት ተወዳደረ። የሕዝብ አስተያየት ሁሉ ያሸንፋል አለ። በምርጫው ማታ ከድምፅ መስጫ ሲወጡ የተጠየቁት ሰዎችም ያሸንፋል አሉ። እንዲያውም አንድ የሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣ እንደሚያሸንፍ አትሞ አደረ። ሲነጋ ተሸንፏል። ከሰባት ሚሊዮን በላይ ድምፅ ተሰጥቶ ልዩነቱ 100 ሺህ አይሞላም።

«ሰዉ ለጠያቂው ዋሸ ማለት ነው» አሉ አማቴ።

ብዙዎች የሚሉት ይህንኑ ነው፣ ስምም ወጥቶለታል፣ «የብራድሊ ኤፌክት» ይባላል። ጥቁር አልመርጥም ማለት ስለሚያሳፍር በአፍ እሺ ብሎ በወረቀት እምቢ ማለት። ሌሎች ደግሞ በፖስታ የተላከው ድምፅ ነው የጣለው ይላሉ። በዚያው ቀን ስለ ሽጉጥ ቁጥጥር ሌላ ድምፅ ይሰጥ ነበርና፣ ሽጉጤን ልትነኩ ነው ያለው የመሀል ካሊፎርኒያ ሸለቆ ገበሬ ገልብጦ ወጣ፣ እግረ መንገዱንም ብራድሊን ጣለው የሚሉም አሉ። ሦስቱም ድርሻ ሳይኖራቸው አይቀርም።

«የሸለቆው ገበሬ ምን አድርጓችሁት ነው?»

እንግዲህ እዚህ ጋ ውሃ መጣ። ሎስ አንጀለስ በ1913 ከሌላ ሸለቆ፣ ከኦውንስ፣ በቦይ ውሃ አመጣች። መሐንዲሱ መልሆላንድ ውሃው ሲደርስ ለሕዝቡ «ይኸውላችሁ፣ ውሰዱት» አለ ይባላል። ባለ ሸለቆዎቹን ግን ማንም «እንውሰደው ወይ?» ብሎ በወጉ አልጠየቃቸውም። ብራድሊ በተወዳደረበት ዓመትም በጁን ወር፣ የሰሜኑን ውሃ ወደ ደቡብ የሚያሻግር ሌላ ቦይ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ነበር። በሰሜን አንዳንድ ካውንቲዎች ከመቶ ከ90 በላይ «አይሆንም» ብለው ቀበሩት።

አማቴ መሀረባቸውን አስተካከሉ። «የሰው ውሃ ጠጥታችሁ ስታበቁ ድምፁንም አምጣ አላችሁት?»

መልስ አልነበረኝም። መኪና እየነዳሁ ነው በሚል ዝም አልኩ።

ኮአሊንጋ ጋ ስንደርስ ያ የታወቀው ሽታ መጣ። መንገዱ ዳር የከብት ማደለቢያ አለ። ጥቁርና ቡናማ ከብት እስከ አድማስ ድረስ ቆሟል፣ ሽታው ከኪሎ ሜትሮች በፊት ጀምሮ ይቀበልሃል። እኛ የሎስ አንጀለስ ሰዎች እዚህ ጋ የምናደርገው ይታወቃል። መስኮት መዝጋት፣ አየር ወደ ውስጥ እንዳይገባ ቁልፉን መጫን፣ አፍንጫ መያዝ፣ «ወይኔ» ማለት። ልጆቼ ሹራባቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡ። አማቴ መስኮቱን ከፈቱ። ግማሹን እንዳይመስላችሁ፣ ሙሉውን።

«እፎይ! ከመጣሁ ዛሬ ገና አገር ሸተተኝ።»

«አያቴ ዝጊው!» ልጆቹ ጮኹ።

«ዝም በሉ። ይሄ ሀብት ነው። ስንት ይሆናል ይሄ ሁሉ ከብት?»

ቤንዚን ለመቅዳት ስንቆም አንድ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ ፈረንጅ ሽማግሌ ከፒካፑ አጠገብ ቆሞ ነበር። አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ እሱ ሄዱ። እንግሊዝኛቸው አርባ ዓመት ካስተማሩት አማርኛ ጋር አይወዳደርም። ወደ ከብቶቹ በእጃቸው አሳዩና «ካው። ቬሪ ጉድ» አሉት። ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ እዚያ ማደያ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤንዚን ስቀዳ ሰላምታ የሰጠኝ ሰው የለም፣ እርግጥ እኔም የሰጠሁት የለም።

ኦክላንድ ስንደርስ ጉም ወርዷል። የሚስቴ ወንድም ጃኬት ይዞ በር ላይ ቆሟል። አማቴ ገና ከመኪናው ሳይወርዱ «አይ፣ ልክ ደብረ ብርሃን! አየሩ እንዴት ደስ ይላል» አሉ። ልጁ በድል አየኝ። ልብ በሉ፣ ከሁለት ቀን በፊት እኛ ሰገነት ላይ ተቀምጠው «ይሄ ፀሐይ ለጉልበቴ መድኃኒት ነው» ብለው ነበር። በቪዲዮ አለኝ።

ክርስትናው ላይ ዶሮው ከቀረበ በኋላ ወሬው ወደ ምርጫ ዞረ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሁሌም አንድ ከንቲባ አገረ ገዢ ልሁን ወይስ ልተው እያለ የሚያስብ አይጠፋም። የብራድሊን ነገር ገና ሳነሳ የሚስቴ ወንድም አቋረጠኝ።

«እኛ መርጠነዋል! ኦክላንድም ሳን ፍራንሲስኮም መርጦታል። ኦሬንጅ ካውንቲ ግን የማን ጎረቤት ነው? ያሸነፈው ዱክሜጂያንስ? የሎንግ ቢች ሰው አይደለም? የበላችሁት እናንተው ናችሁ።»

ነገሩ እውነት ነው፣ አበሳጨኝ። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ማለት ይሄ ነው።

ከዚያ አገረ ገዢነት ያመለጣቸውን የከተማዬን ከንቲባዎች እየቆጠረ ያስለቅሰኝ ጀመር። ሳም ዮርቲ በ1966ም በ1970ም ሞክሮ ከፓርቲ ማጣሪያ አላለፈም። ሪዮርዳን በ2002 በራሱ ፓርቲ ማጣሪያ ወደቀ፣ ያውም የሌላው ፓርቲ አገረ ገዢ ሚሊዮኖች አውጥቶ ማስታወቂያ እያስነገረበት። ቪላራይጎሳ በ2009 ከተማዬ ችግር ላይ ናት ብሎ ተወው። ቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንበት ነው መሰለኝ። በ2018 ተወዳደረና ሦስተኛ ወጣ፣ በ2024 ደግሞ እንደገና ተነሳሁ አለ።

«ከንቲባ ከፈለጋችሁ ከኛ ተበደሩ» አለ የሚስቴ ወንድም። «አገረ ገዢ የሆነው ኒውሰም የማን ከንቲባ ነበር? ሮልፍስ በ1931 አገረ ገዢ ሆኖ ሲገባ ከየት ነው የሄደው? ከሳን ፍራንሲስኮ!»

«አንተ የኦክላንድ ሰው ነህ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ምንህ ነው?» አልኩት። «ፋይንስታይንስ? የሳን ፍራንሲስኮ ከንቲባ የነበረች አይደለችም? በ1990 በሳን ዲዬጎው ዊልሰን ተሸንፋለች፣ ከኛም በታች ካለ ከተማ በመጣ ሰው።» አንድ የሳን ዲዬጎ እንግዳ ከጥግ አጨበጨበ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ማንም ልብ አላለውም ነበር።

ክርክሩ ወደ ምግብ ዞረ፣ የማይቀር ነው። እኔ በፌርፋክስ ጎዳና ከተማው ራሱ በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ስም እንደሰጠን አነሳሁ። እሱ «ስሙ እናንተ ጋ ነው፣ እንጀራው እኛ ጋ ቴሌግራፍ ጎዳና ነው» አለ። ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ዶሮው በእውነት ጥሩ ነበር።

ውሃ ልጠጣ ወደ ኩሽና ስገባ አማቴ ጀርባቸውን ሰጥተው ስልክ ላይ ናቸው። ከሚስቴ ጋር። በሹክሹክታ፦ «እኔማ ያንቺ ቤት ነው የምቆየው፣ እዚህ ብርዱ አጥንቴ ገባ…» ልጃቸው ከኋላዬ ብቅ አለ።

«ምን እያልሽ ነው እማዬ?»

«ምንም፣ አየሩ ተስማማኝ እያልኳት ነው።»

ልጁ ግንባራቸውን ሳማቸውና ደስ ብሎት ወጣ። አማቴ ስልኩን ዘጉ። ሁሉን መስማቴን አውቀዋል፣ አላፈሩም። ወንበር ሳቡና ተቀመጡ፣ ጉልበታቸውን እያሹ ትንሽ አሰቡ።

«ስማ እስቲ ልጄ፣ ያ ብራድሊ ያልከኝ ሰውዬ…»

«አቤት እማማ።»

«በዚያ በከብቶቹ በኩል ሲያልፍ መስኮቱን ዘግቶት ነበር እንዴ?»