ሳይከራከሩ መረታት

ከቤትዎ አጠገብ ያለው ባዶ ቦታ ለመኖሪያ ተመድቦ ኖሮ፣ አንድ ቀን መጋዘን እንዲሠራበት ተፈቀደ እንበል። የከተማው ቦርድ ወስኗል። «ምን ችግር አለ፣ ፍርድ ቤት ይሂዱ» ይልዎታል ወዳጅ። ወዳጅዎ ያልነገረዎት ቀኑ መቆጠር መጀመሩን ነው።

በመሬት አጠቃቀም ውሳኔ ላይ አቤት የሚባልበት ጊዜ አጭር ነው። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት 20 ቀን፣ በዋሽንግተን ግዛት 21 ቀን። እንግሊዝ 6 ሳምንት ትሰጣለች። ካሊፎርኒያ ለብዙዎቹ ውሳኔዎች 90 ቀን ስለምትፈቅድ ቸር ልትባል ትችላለች። ማጠሩ ምክንያት አለው። ፈቃድ ያገኘው ሰው ተበድሮ መሠረት ካስቆፈረ በኋላ ዓመቱን ሙሉ «ማን ይከሰኝ ይሆን?» እያለ መኖር የለበትም። በዚህ ጠብ የለኝም።

የሚያናድደኝ አካሄዱ ነው። ማሳቹሴትስን እንይ። ክሱን በ20 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ማስገባት ብቻውን አያድንም። መክሰስዎን የሚገልጽ ማስታወቂያ፣ ከክሱ ቅጂ ጋር፣ በዚያው 20 ቀን ውስጥ የከተማውን መዝገብ ለሚይዘው ሹም፣ ለከተማው ጸሐፊም መድረስ አለበት። ቀኑ የሚቆጠረው ደግሞ ቦርዱ ድምፅ ከሰጠበት ምሽት ሳይሆን ውሳኔው ጸሐፊው ዘንድ ገቢ ከሆነበት ዕለት ነው። ጠበቃ የሌለው ጎረቤት ይህን በምን ያውቃል? በካሊፎርኒያም በ90 ቀኑ ውስጥ ክስ መመሥረት ብቻ ሳይሆን መጥሪያውንም ማድረስ ግዴታ ነው። በዚያ ላይ በሕዝብ ስብሰባው ያልተነሳ ነጥብ በአብዛኛው ፍርድ ቤት ላይ አይነሳም። ያን ምሽት ዝም ያለ ሰው ዝምታው ተቆጠረበት ማለት ነው።

ሌሎቹ ቅድመ ሁኔታዎች ያን ያህል አይከብዱኝም። መጀመሪያ በአስተዳደሩ ያለውን የቅሬታ መንገድ መጨረስ ተገቢ ነው። ከሳሹ ራሱ የሚደርስበትን ጉዳት፣ ጫጫታም ሆነ የመኪና ጭንቅንቅ፣ እንዲያሳይ መጠየቁም ያስኬዳል። ዳኛውም ቢሆን መጋዘኑ ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብሎ እንደ አዲስ አይወስንም። በአብዛኛው ሕጉ መከበሩንና ውሳኔው በማስረጃ መደገፉን ነው የሚያየው።

«ሕግን አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም» የሚሉኝ አሉ። ይሁን። ግን የትራፊክ ቅጣት ወረቀት እንኳ እስከ መቼ እንደሚከፈል ይናገራል! የቦርዱ ውሳኔስ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የመጨረሻውን ቀን፣ የሚኬድበትን ፍርድ ቤትና ቅጂ የሚሰጠውን ቢሮ ቢጽፍ ምን ይጎድልበታል? ክሱን በሰዓቱ አስገብቶ ቅጂውን ብቻ በአንድ ቀን ያዘገየውንስ፣ ዋናው ክርክር ሳይሰማ በሚቀርብ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ መዝገቡን ከመዝጋት «አስተካክለህ ና» ማለት አይሻልም?

ይህ እስኪሆን ድረስ፣ ውሳኔው በተሰጠ ማግስት ጸሐፊው ቢሮ ይሂዱ። መቼ ገቢ እንደሆነ ይጠይቁ። ቀኑ የተመታበትን ቅጂ ሳይዙ አይውጡ።