ዳቦ ላቆሙ የሀዋሳ ጀግኖች

ሀዋሳ ውስጥ ሰሞኑን «ዳቦ አቁሜያለሁ» የማይል ሰው ማግኘት እየከበደ ነው። አንዱን ሐኪም መክሮታል። አንዱን ቦርጩ አሳፍሮታል። ብዙውን ግን ያናደደው ዳቦው ራሱ ነው፤ ዋጋው ወደ ላይ፣ መጠኑ ወደ ታች። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ውሳኔው ያስከብራል። ሲጋራ ያቆመ ሰው ማስቲካ ያኝካል። ዳቦ ያቆመ ሰው ምን ያኝክ? ከቁርስ እስከ እራት፣ ከልደት እስከ ለቅሶ፣ ዳቦ የሌለበት ቦታ የታለ?

የከተማችን ሰው ግን ለዚህ ከባድ ጥያቄ መልስ አግኝቷል። መልሱን ሳላወድስ ባልፍ ንፉግነት ይሆንብኛል።

አቶቴ አካባቢ አንድ የሰፈራችን ትልቅ ሰው አሉ። ሐኪማቸው «ጋሼ፣ ዳቦ ይቀንሱ» አላቸው። ጋሼ መቀነስ አያውቁም። ሲይዙም ሲተዉም በሙሉ ልባቸው ነው። በዚያው ቀን ዳቦን እርግፍ አድርገው ተዉ። አሁን ጠዋት ጨጨብሳ ይበላሉ፣ በቅቤና በማር። ረፋድ ላይ ቦምቦሊኖ በሻይ። ምሳ ፓስታ። «ዳቦ ይጨመር?» ሲባሉ እጃቸውን ያወናጭፋሉ። «አቁሜያለሁ አላልኩም?» መክሰስ ላይ ሳምቡሳ። ማታ ቀለል ያለ ነገር ይሻላል ብለው የስንዴ ቂጣ በወተት። ቅዳሜ ልጆቻቸው ሲሰበሰቡ ደግሞ ፒዛ።

በቀደም መንገድ ላይ አገኘኋቸውና ስለ ጤናቸው ጠየቅኳቸው።

«ስኳሬ አልወርድ አለ» አሉኝ።

«ዳቦ አቁመውም?»

«ዳቦማ ካቆምኩ ቆየሁ ልጄ። እኔ እንኳ የጠረጠርኩት ብርቱካኑን ነው።»

እንዲህ ነው ጽናት! ከስንዴ ጋር ሙሉ ቀን ውሎ፣ አምሽቶ፣ አብሮ አድሮ፣ ዳቦን ግን ዞር ብሎ አለማየት።

ቁርስ ቤቶቻችንም በዚህ ትግል ከጎናችን ናቸው። ፒያሳ ካሉት ወደ አንዱ ጎራ በሉና ዳቦ የሌለበት ቁርስ ጠይቁ። አስተናጋጁ ትንሽ ያስባል። ከዚያ ፊቱ ይበራል። «ጨጨብሳ አለ፣ ፈጢራ አለ፣ ፓንኬክ አለ።» ምርጫ በምርጫ! ፉል እንዳትሉ ብቻ፤ ያለ ዳቦ አይመጣም። ፍርፍር ብትሉም አታመልጡም። እንጀራው ተፈርፍሮ፣ በርበሬና ዘይት ጠጥቶ፣ በዳቦ ተይዞ ይበላል። እንጀራን በዳቦ የሚበላ ሌላ ሕዝብ በምድር ላይ ካለ ንገሩኝና እንተዋወቅ። ፓስታ ያዘዘም ሰው ሳይጠይቅ ዳቦ ይቀርብለታል። ስንዴው ብቻውን ወደ ሆድ ሲወርድ እንዳይፈራ ይመስለኛል።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን ዓይናችንን ነው። ወደ ይርጋለም የሄደ ሰው ያውቃል። በቱላ በኩል ከከተማዋ ወጣ ሲባል ግራና ቀኝ እንሰት ነው። ጓሮው እንሰት፣ ደጁ እንሰት፣ ቤቱ ራሱ የሚታየው በእንሰት መሃል ሾልኮ ነው። በዚህ መሃል በሚኒባስ እያለፈ፣ መስኮት ከፍቶ ንፋስ እየተቀበለ፣ «ዳቦው እንዲህ ተወዶ ምን ልንበላ ነው?» ብሎ ከጎኑ የተቀመጠውን መጠየቅ የሚችል ሰው ተራ ሰው አይደለም።

እንሰትን አልምቶ ምግብ ያደረገው የእኛ አገር ሰው ነው። ዱሩ ሌላም የአፍሪካ አገር ይበቅላል፤ ቆጮ የሚሆነው ግን እዚህ ነው። ወደ 20 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ይኖርበታል። ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። ከደረሰ በኋላ ግን የመኸር ወቅት አይጠብቅም፤ ሲፈለግ ይቆረጣል። ተፍቆ ጉድጓድ የገባው ቆጮ ለወራት ይቀመጣል፣ አልፎም ይከርማል። ሥሩ ተቀቅሎ አሚቾ ነው። ከጭማቂው ቡላ ይወጣል። ቃጫው ገመድ ይሆናል። በ1977ቱ ድርቅ የእንሰት አካባቢዎች ከሌላው ይልቅ የተቋቋሙት በዚህ ነው። እንዲህ ያለ ተክል ለከተማ ሰው አይመጥንም። በጣም ያስተማምናል። ምግብ ትንሽ ልብ ካላንጠለጠለ ምኑን ምግብ ሆነ?

ስንዴ ነው ልብ የሚያንጠለጥለው። በ2014 ዓ.ም. የካቲት ላይ የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የስንዴ ዋጋ በዓለም ገበያ ተተኮሰ። እኛም ከሁለቱም እናስገባ ነበር። ጥቁር ባሕር ላይ መርከብ ሲታገት ሀዋሳ ላይ ዳቦ ከሳ። ምን ያለ ክብር ነው! የአቶቴ ሰው ቁርስ ከኦዴሳ ወደብ ጋር በቀጥታ ተገናኘ። ዜና መስማት የተዉ ሰዎች ሳይቀሩ ዳቦ ቤት ደጃፍ ተሰልፈው ስለ መርከብ መስመር ማብራሪያ መስጠት ጀመሩ። ቆጮ የሚበላው ገበሬ ግን ጦርነቱን የሰማው በሬዲዮ ብቻ ነው። ከዓለም ተነጥሎ መቅረት ይሉሃል ይሄ ነው። (በ2015 ደግሞ የበጋ መስኖ ስንዴ አምርተን ለውጭ ገበያ መላክ ጀምረናል ተባለ። እሰየው። ዳቦው ግን ዜናውን የሰማ አልመሰለኝም፤ አላደገም።)

«ቆጮ ይሸታል» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው። የተብላላ ነገር ሁሉ ይሸታል። እርጎ ይሸታል። አይብ ይሸታል። የእንጀራ ሊጥም ጓዳ ገብቶ ላሸተተው ሰው ሽቶ አይደለም። የእኛ አፍንጫ ግን የተማረ ነው፤ የትኛው ላይ መሸማቀቅ እንዳለበት መርጦ ያውቃል። ምሳ ዕቃው ውስጥ ቆጮ የተገኘበት ልጅ ክፍል ውስጥ ይሳቅበታል። እናቱም ይህን ስለምታውቅ ነጭ ዳቦ ከፍላ ማርማላታ ትቀባለታለች። ልጁ ምሳ ሳይደርስ ይርበዋል። ብስኩት ይገዛል። ችግሩ ተፈታ።

እንግዳ አክባሪነታችንስ? ባለፈው ክረምት የአንድ ወዳጄ የእህት ልጅ ከአሜሪካ መጣች። ሴሊያክ የሚባል ሕመም አለባት። በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን አንጀቷን ይጎዳዋል። ቤቱ ሁሉ «ልጅቷ ዳቦ አትበላም» ተባለና ተረባረበ። የመጀመሪያው ቀን ቂንጬ ቀረበላት። «አይዞሽ፣ ዳቦ አይደለም» አሏት። በማግስቱ በሶ ተበጠበጠ። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ የገብስ ፎቶ አሳየቻቸው። እንጀራ ሊያድናት ይችል ነበር፤ ንጹሕ ጤፍ ግሉተን የለውም። የቤቱ እንጀራ ውስጥ ግን ከጤፉ ጋር ምን ምን እንደተፈጨ ወፍጮ ቤቱም አያስታውስም። መጨረሻ ላይ ወዳጄ ሱፐርማርኬት ለሱፐርማርኬት ዞሮ «ግሉተን ፍሪ» የሚል ካርቶን ይዞ ገባ። ከውጭ የመጣ ብስኩት ነው። ዋጋውን ለሚስቱ አልነገራትም።

ልጅቷ ካርቶኑን ይዛ ወደ ጓዳ ስትዘልቅ ሠራተኛዋ ቁርሷን ልትበላ ተቀምጣለች። ትኩስ ቆጮ ነው፣ ከጎኑ ጎመን በቅቤ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቆጮ ነው እህቴ። እንብላ።»

«ስንዴ አለው?»

«ምን በወጣው!»

ልጅቷ አብራት ቁጭ አለች። የወዳጄ ሚስት ከሳሎን እየተጣደፈች መጣች። «ኧረ ተይ የኔ ልጅ! እሱ እኮ ለእንግዳ አይሆንም። ብስኩትሽን ብዪ!»

ቆጮ ጭራሽ አንበላም ማለት ግን ስማችንን ማጥፋት ነው። እንበላለን። ቦታና ሰዓት እንመርጣለን እንጂ። ክትፎ ቤት በቀጭን በቀጭን ተቆርጦ ሲመጣ፣ ሂሳቡም ሲያስደነግጥ፣ ያን ጊዜ ቆጮ «ባህላዊ» ይሆናል። አጠገቡ ዳቦ ማዘዛችን ለጥንቃቄ ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ሲደርስም ወደ ጉዱማሌ አደባባይ እንወጣለን። በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው በዓል ነው። ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት የሚሠራው ቡርሳሜ በአንድ ማዕድ ተከቦ ይበላል። እኛም ሲዳማ ወዳጆቻችን ቤት እንጋበዛለን። ቅቤው እስከ አንጓችን ይወርዳል። ፎቶ እንነሳለን፣ «ባህላችን ውበታችን» ብለን እንለጥፋለን። በማግስቱ ጠዋት ዳቦ ቤት ተሰልፈናል። ዩኔስኮ የመዘገበውን ነገር በአዘቦት ቀን መብላት ቅርስ መዳፈር እንዳይሆንብን እንጠነቀቃለን።

ቆጮ ሰለቸኝ የማለት መብት ያለው ሰው ካለ ፋቂዋ ሴት ናት። በቀርከሃ መፋቂያ ስትፍቅ የምትውል፣ የምትቀብር፣ የምታወጣ፣ የምትጨምቅ፣ ቃጫውን የምትከትፍ እሷ ናት። እሷ «ዳቦ ይሻለኛል» ብትል አልከራከራትም። እኔን የሚገርመኝ ፍቆ የማያውቀው ሰው ድካም ነው። እሱ ደግሞ ምክርም ያበዛል። «ቆጮ እኮ ንጥረ ነገር የለውም» ይላል። ቆጮ ብቻውን ፕሮቲኑ አነስተኛ መሆኑ እውነት ነው። ገበሬው ይህን ከማንም ቀድሞ ስላወቀ ከጎመን፣ ከቦሎቄ፣ ከአይብና ከወተት ጋር ያስኬደዋል። መካሪው ይህን ሁሉ የሚናገረው ነጭ ዳቦ በሻይ እየነከረ ነው። ጋሼም ቢሆኑ በቆጮ ተክተው እንደልባቸው ይብሉ አልልም፤ እሱም ኃይል ሰጪ ነው፣ ልኩን ሐኪማቸው ይንገራቸው። ብርቱካኑን ግን ከክስ ነጻ ቢያወጡት ደስ ይለኛል።

ስኳር ድንችንም አልረሳሁትም። ሀዋሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ያላት ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲዋም በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲጀመር የግብርና ኮሌጅ ነበር። ኩልፎ እና ቱላ የተባሉ ብርቱካናማ ስኳር ድንቾች ከዚሁ ምርምር የወጡ ናቸው፤ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ቤታ ካሮቲን ሞልቷቸዋል። ተቀቅሎ ብቻ የሚበላ፣ ምጣድም እርሾም የማይፈልግ ቁርስ። አሁን ስለ ስኳር ድንች ጥቅም አንድ ሆቴል ውስጥ ዐውደ ጥናት ተዘጋጀ እንበል። የሻይ ዕረፍት ደረሰ። ምን ይቀርባል? ኩኪስና የተቆራረጠ ዳቦ! ተሰብሳቢው እየበላ በስላይዱ ላይ ባየው ድንች ቀለም ይደነቃል።

ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ገበያም ያው ነን። ዓሣው ከሐይቁ ወጥቶ፣ ተጠብሶ፣ ከዳጣ ጋር ፊታችን ተቀምጧል። አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ ወፍ እዚያው አጠገባችን ቆሞ የዓሣ ጭንቅላት ይውጣል። ዳቦ ሲጠይቅ አልሰማሁትም። እኛ ግን ዳቦው እስኪመጣ ዓሣው ይቀዝቅዝ እንጂ አንነካውም።

በዓል ሲመጣ ዳቦ ያቆመውም ሰው ለድፎ ምሕረት ያደርጋል። ያለ ድፎ በዓል የለም። ድፎ ደግሞ ያለ ኮባ አይጋገርም፤ ከሥሩ ይነጠፋል፣ ከላዩ ይሸፈናል፣ ያን መዓዛውንም የሚሰጠው እሱ ነው። ኮባ የእንሰት ቅጠል ነው። ስለዚህ በበዓል ዋዜማ ከተሜው ሁሉ ወደ ገበያ ይጎርፋል። ኮባ የምታቀርበው ሴት ከጎኗ ቆጮም ዘርግታለች።

«ቆጮስ ልጄ? ነጭ ነው፣ እየው እስቲ።»

«ኧረ ይቅርብኝ እማማ! ምን ያደርግልኛል? ኮባውን ብቻ ስጪኝ።»

ሴትየዋ አትከፋም። ኮባውን ቆጥራ ትጠቀልልለታለች። ዋጋው ላይ ግን ለበዓል ብላ ትንሽ ጨምራበታለች፤ ለቆጮ ገዢዎቿ የማታደርገውን።