ችግሩ ያለው ነፋሱ ላይ ነው

ስለ ዱር አሳማ አደን የወጣ አንድ ጽሑፍ፣ በአሜሪካዋ ቴክሳስ የዱር አሳማን የተቀዳ ድምፅ በስፒከር እያሰሙ መጥራትን «የግልገል ጩኸት ከፍ አድርጎ መልቀቅ» ብሎ አልፎታል። ብዙውን አዳኝ ባዶ እጁን የሚመልሰው ግን ይኸው ነው። የግልገል ጩኸት እናቶቹን ያስቆጣል፤ አንዳንዴ ግን መንጋውን በሙሉ ያስደነብራል። መጨረሻ ላይ ይሞከር።

መጀመሪያ የሚለቀቀው መንጋው ሲበላ የሚያሰማው ዝቅ ያለ «እምፍ፣ እምፍ» ነው፤ መሀል መሀሉ ላይ ምግብ ሲሻሙ የሚወጣው አጭር ጩኸት ይግባበት። ሁለት ሦስት ደቂቃ አሰምቶ አምስት ደቂቃ ዝም። ቁጥቋጦው ውስጥ ቅርብ ያለ አሳማ ስፒከሩ ድንገት ከጮኸበት ያን ቀን አይመለስም፤ ስለዚህ ከዝቅታ ይጀመር። በግማሽ ሰዓት ካልመጡ ቦታ መቀየር ነው።

ዋናው ነገር ነፋሱ ነው። የአሳማ ዓይን ደካማ ነው፤ አፍንጫው ግን ምሕረት የለውም። አሮጌ ወንድ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይመጣም፤ ዞሮ ድምፁን ከነፋሱ በታች አሽትቶ ነው የሚቀርበው። ስለዚህ ነፋሱ ከጎን እየነፈሰ፣ ስፒከሩ ከተኳሹ ከ30 እስከ 40 ሜትር ፊት ለፊት ይቀመጥ፤ ያኔ ዙሩን ሲዞር የሰው ጠረን ሳይደርሰው ይታያል። ቆንጥሮ ታልክ ፓውደር በተን ማድረግ የነፋሱን አቅጣጫ ያሳያል። (ሲጋራ ያጨሰ ሰውማ ባይደክም ይሻላል።)

የግልገል ጩኸት ሲለቀቅ ጀርባን ለዛፍ መስጠት ወይም ማማ ላይ መሆን ነው፤ እናቲቱ እየሮጠች ልትመጣ ትችላለች። በቴክሳስ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዱር አሳማን በግል መሬት ላይ ለማደን የአደን ፈቃድ ባያስፈልግም የባለመሬቱ ፈቃድ ግን ግዴታ ነው።