ቅጹን ያወጣው ማን ነው?

“ወጣቶችን እንደግፋለን” የሚል የገንዘብ ድጋፍ ጥሪ ሲወጣ እኔ ቀድሜ የማየው ቅጹን ነው። የገንዘቡን መጠን ማየት ይደርሳል። ቅጹ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ይታወቃል፤ የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ በድርጅት ስም የተከፈተ የባንክ ሂሳብ፣ የ3 ዓመት የኦዲት ሪፖርት። ጓደኞቿን አስተባብራ ሰፈሯ ውስጥ ማንበቢያ ቦታ ልትከፍት ያሰበች የ17 ዓመት ልጅ ይህን ከየት ታምጣ? ከ3 ዓመት በፊት እኮ 14 ዓመቷ ነበር።

ከዚያ ፕሮፖዛል መጻፍ የተካነ ትልቅ ሰው ይገባበታል። ገንዘቡ በወጣት ስም ይወጣል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ልጆቹ ለፎቶ ይጠራሉ። በቃ። ተመራማሪው ሮጀር ሃርት በ1992 እ.ኤ.አ. ለዩኒሴፍ በጻፈው ጥናት የልጆችን ተሳትፎ በ8 ደረጃ ከፍሎ ነበር። ልጆችን ለጌጥ ማቆምንና ለይስሙላ መጥራትን ከታች አስቀመጣቸው፤ ተሳትፎ ብሎም አልቆጠራቸውም።

ውሳኔውን ለወጣቶች መስጠት ግን ይቻላል፤ ተሞክሯልም። የአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ በ2014 እ.ኤ.አ. 1 ሚሊዮን ዶላር ለይታ፣ ምን እንደሚሠራበት ከ12 እስከ 25 ዓመት ያሉ ነዋሪዎች በድምፅ እንዲወስኑ አደረገች። ሐሳቡን ያመነጩት ወጣቶች ናቸው። ከከተማው ባለሙያዎች ጋር ተቀምጠው ወደ ፕሮጀክት የለወጡትም እነሱው። ለትምህርት ቤቶች ላፕቶፕ፣ ለሥዕል የሚሆን ግድግዳ፣ የመናፈሻ እድሳት መረጡ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ገንዘቡ ከካፒታል በጀት የመጣ ስለነበር ለግንባታና ለዕቃ እንጂ ለደመወዝ አይሆንም። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት የምርጫው አጥር ታጥሮ ነበር ማለት ነው። ለዚህ ነው ወጣቶቹ የሚያስፈልጉት መስፈርቱ ሲወጣ ነው የምለው፤ ሁሉ ካለቀ በኋላ እጅ ለማውጣት መጥራት ብዙም አይጠቅምም።

ድምፅ ብቻውንም አያዛልቅም። ብዙ ጓደኛ ያለው ቡድን ያሸንፋላ! ማመልከቻዎቹን ቁጭ ብሎ አንብቦ የሚከራከር የወጣቶች ኮሚቴ ያስፈልጋል። ያም ቢሆን ስብሰባው በሥራ ቀን ጠዋት ከተጠራ የሚመጡት ያው አንደበተ ርቱዕ ተማሪዎች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ የሚውለው ልጅ ይቀራል። ሰዓቱን ወደ ማታ ማዞርና ትራንስፖርት መክፈል ከባድ ነገር አይደለም።

“ገንዘቡን ቢያባክኑትስ?” የሚል አይጠፋም። ትልቅ ሰው አያባክንም ያለው ማነው? ለማንኛውም መላው ይታወቃል፤ ትንሽ ገንዘብ፣ በየምዕራፉ የሚለቀቅ፣ በሁለት ፊርማ የሚወጣ፣ ደረሰኝ ያለው። ዕድሜያቸው ለፊርማ ካልደረሰ አንድ ድርጅት ሂሳቡን ይያዝላቸው። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ነው። ሂሳብ የያዘ ሁሉ ቀስ በቀስ አለቃ መሆን ይዳዳዋል። ገንዘቡን ከመያዝ በቀር ዕቅዱን የመቀየር ሥልጣን እንደሌለው ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይፈረም።

ሌላው የሚያናድደኝ የእምቢታው ደብዳቤ ነው። “ከአመልካቾች ብዛት የተነሳ” ይልና ያልቃል፤ ያውም ደብዳቤ ከተላከ። ኮሚቴው ማመልከቻቸውን አንብቦ ከጣለው፣ የቱ ጋ እንደደከመ በሁለት መስመር ይጻፍላቸው፤ በሚቀጥለው ዙር አስተካክለው ይመለሳሉ።