ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት ርብራቡን አጥብቁ

የጎንደር ሰዎች ሆይ፣ ለቅሶ በመድረስ የሚያህለን የለም። ግንበኛ ከፎቅ ወድቆ ሲሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት እንጀራ ይዞ ይመጣል፣ አርባውም ሙት ዓመቱም አይታጎልም። በማግስቱ ግን በዚያው በላላ የባሕር ዛፍ ርብራብ ላይ ሌላ ልጅ ሲሚንቶ ተሸክሞ ይወጣል። «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን።

የእናንተን ስስት በፈጣሪ አታላክኩ። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዝዛል፤ ሰው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። ይህን ቃል የሚያውቅ ሊቅ በማይታጣባት ከተማ፣ በሦስተኛ ፎቅ ጠርዝ ላይ አንዲት አግዳሚ እንጨት ለመምታት እንሰስታለን!

አሠሪዎች፣ «እሱ ቢጠነቀቅ ኖሮ» አትበሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያ የማቅረብን ግዴታ የጣለው በእናንተ ላይ ነው። ሠራተኛ በሥራ ላይ ሲጎዳ ጥፋት ባይኖርባችሁም ትጠየቃላችሁ። «ውል አልፈረመም» ማለትም አያዋጣም፤ የሥራ ውል በቃልም ይጸናል።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ንቀታችን ነው። በፋሲል ግቢ እንኮራለን፤ ለነገሥታቱ የገነቡትንና ብረት የቀጠቀጡትን የቤተ እስራኤል ባለሙያዎች ግን «ቡዳ» እያልን አርቀናቸው ኖረናል። ስድቡ ቢቀንስም መንፈሱ አለ። ማሽን ጣቱን የቆረጠው ወጣት ከሥራ ሲሰናበት ሳንቲም እንጥልለታለን እንጂ የሚገባውን ካሳ ማን ያዘበት ብለን አንጠይቅም።

ሽማግሌዎች፣ እናንተም አትቆጡኝ። የሟች ሚስት ጥቁሯን ሳታወልቅ «ለነፍሱ ብለሽ ተይው» እያላችሁ በጥቂት ብር የምታስፈርሟት እናንተ ናችሁ። ይቅርታ ደግ ነው፤ የልጆቹን መብት አሳልፎ መስጠት ግን እርቅ አይባልም። መጀመሪያ የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ውሰዷት፣ መብቷን ትወቅ፤ እርቁ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሚያዝያ 20 በዓለም ዙሪያ የሥራ ላይ ደህንነት ቀን ሆኖ ይታሰባል። እኛ ዘንድ በንግግር ብቻ አይለፍ። ከማራኪ እስከ አዘዞ ያላችሁ እድሮች በሥራ ላይ የሞቱባችሁንና የተጎዱባችሁን አባላት ስም መዝግቡ፤ ጉዳቱ የት ሕንፃ ላይ፣ በማን ሥራ እንደደረሰም ጻፉ። የአንድ አሠሪ ስም ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ መዝገቡን ይዛችሁ ወደ መንግሥት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው ሂዱ።