«ሃይማኖት የለኝም» ያሉኝ እናት

እናቴ በስልክ ስታገኘኝ ሳትጠይቀኝ የማታልፈው አንድ ነገር አለ። «ልጄ፣ ለመሆኑ እነዚያ ሰዎች ፈጣሪ የሚባል ያውቃሉ?» ቻይና፣ ጓንግዡ ከተማ በገባሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት መልሴ አጭር ነበር። «የላቸውም እማዬ፤ ራሳቸውም የለንም ነው የሚሉት» እላታለሁ። እርሷም «ምስኪኖች!» ብላ ከንፈሯን ትመጣለች። ወደ አዲስ አበባ ዕቃ በመላክ ሥራ እዚህ ከተማ ስምንት ዓመት ስቆይ ግን ያ መልስ ከአፌ አልወጣ እያለኝ መጣ። ሳላይ የተናገርኩት ነበርና ዛሬ ላርመው እፈልጋለሁ።

አከራዬ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ ባልቴት ናቸው። አገራቸው ቻኦሻን ነው፤ በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ምሥራቃዊ የባሕር ጠረፍ ያለ፣ ሕዝቡ በነጋዴነቱም የአባቶቹን ሥርዓት አጥብቆ በመያዙም የሚታወቅ አካባቢ። እኔ «አዪ» እላቸዋለሁ፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው። ከቤታቸው በር ሥር፣ መሬት ላይ በተቀመጠች ትንሽ ቀይ ሣጥን ውስጥ፣ የመሬት አምላክ የሚሉት ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ አለ። ኩሽና ውስጥ ከምድጃው በላይ የምድጃው አምላክ ሥዕል ተለጥፏል። ሳሎኑ ውስጥ ደግሞ ከነጭ ሸክላ የተሠራች ጓንዪን፣ የምሕረት እመቤት የሚሏት፣ ቆማለች፤ ከጎኗ የሟች ባለቤታቸውና የአማቶቻቸው ፎቶግራፍ አለ። አዪ በየማለዳው ሦስት የዕጣን ዘንግ ለኩሰው በሁለት እጃቸው እስከ ግንባራቸው ያነሣሉ፤ ሦስት ጊዜ ዝቅ ብለው ይነሣሉ፤ ከዚያ ሻይ ይቀዳሉ። የመጀመሪያው ሲኒ ለፎቶግራፎቹ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት፣ የዕጣኑ ጢስ ገና ከሳሎኑ ሳይወጣ፣ «አዪ፣ ሃይማኖትዎ ምንድን ነው?» አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና «የለኝም» አሉ። «ታዲያ ይህስ?» ብዬ ወደ ጓንዪን ባመለክት «ይህማ የቤት ነገር ነው» ብለውኝ ወደ ኩሽናቸው ገቡ።

ለብዙ ጊዜ ይህ መልስ ሽሽት መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። ቻይናውያን ዛሬ ሃይማኖት ለማለት የሚጠቀሙበት «ዞንግጂያኦ» የሚል ቃል በዚህ ትርጉሙ ከጃፓን የገባው በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የሚያውቁት «ትምህርቶች»ን ነበር፤ የኮንፊሺየስን፣ የዳኦን፣ የቡድሃን። አንድ ሰው ሦስቱንም በአንድ ዕድሜ ሊይዛቸው ይችላል። ልጆቹን በኮንፊሺየስ ሥርዓት ያሳድጋል፤ መንደሩ ላይ ክፉ ሲመጣ የዳኦ ካህን ያስጠራል፤ ሲሞት የቡድሃ መነኮሳት ይጸልዩለታል። አንዱን ለመያዝ ሌላውን መካድ አይጠበቅበትም። እንግዲህ «ዞንግጂያኦ» ሲባሉ አዪ የሚታያቸው አባልነት ነው፤ የተመዘገበ፣ አለቃ ያለው፣ መንግሥት የሚያውቀው። መንግሥት በይፋ የሚያውቃቸው ደግሞ አምስት ብቻ ናቸው፦ ቡድሂዝም፣ ዳኦይዝም፣ እስልምና፣ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ክርስትና። በራቸው ሥር ያለው ሽማግሌ የየትኛውም አባል አያደርጋቸውም።

ፒው የተባለው የምርምር ማእከል በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዘገባ ይህንኑ በቁጥር ያሳያል። በ2018 በተደረጉ የሕዝብ ጥናቶች መሠረት ሃይማኖት አለኝ ያለው የቻይና ጎልማሳ 10 በመቶ ያህል ነው፤ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ የቤተሰቡን መቃብር የሚጎበኘው ግን 75 በመቶ። እናቴም እኔም የምንጠይቀው ጥያቄ የሚያገኘው የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ነው። እኛ አገር ገና ስንተዋወቅ ስም ሃይማኖትን ይነግራል፤ ካልነገረ እንጠይቃለን። እዚህ የሚጠየቀው «ለማን ታጥናለህ?» ነው።

ከአዪ ጋር በእውነት የተቀራረብነው በጾም ነው። በዐቢይ ጾም መግቢያ ሰሞን የተጠበሰ ዳክዬ በሳሕን ይዘውልኝ መጡ። ሥጋ፣ ወተት፣ ዕንቁላል ለ55 ቀን እንደማልቀምስ በተሰባበረ ቻይንኛዬ ላስረዳቸው ስታገል ፊታቸው በራ። «ቺ ጃይ!» አሉ። የእነርሱም ጾም እንዲህ ነው የሚጠራው። በጨረቃ ወር በ1 እና በ15 ሥጋና ዓሣ አይነኩም፤ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ ወጣቸው ውስጥ አይገባም። ዳክዬውን መልሰው ወሰዱና ከሰዓት በኋላ ቶፉ የሚሉትን የአኩሪ አተር አይብ በእንጉዳይ ሠርተው አመጡ። ከዚያ ወዲህ ረቡዕና ዓርብን ሳላስታውሳቸው ያውቃሉ፤ ሥጋ ያልነካው ድስት ለብቻው ተሰቅሎ ይጠብቀኛል። የእኔን እምነት በሙሉ አስረድቻቸው አላውቅም፤ ቋንቋውም የለኝም። ድስት ለመለየት ግን አላስፈለጋቸውም።

ሌላ ጊዜ እናቴ በመንገደኛ የላከችልኝን ዕጣን በከሰል ላይ ሳደርግ ሽታው ወደ ሳሎን አወጣቸው። አንዷን ጠብታ አንሥተው በጣታቸው አሹና አሸተቷት፤ «ይህን ከመድኃኒት ቤት እገዛለሁ» አሉ። እውነታቸውን ነው። ከመተማና ከሁመራ በረሃ የሚለቀመውን ዕጣናችንን ከሚገዙት አገሮች አንዷ ቻይና ናት። የባህል ሐኪሞቿ «የወተት ዕጣን» ይሉታል፤ ለሕመም ማስታገሻ ይቀምሙታል። በየቤተ መቅደሱ የሚጤሰው በአብዛኛው የሰንደል ዘንግ ነው። እኛ ለእግዚአብሔር የምናጥነውን እነርሱ ለጉልበት ሕመም ማዋላቸው መጀመሪያ ከንክኖኝ ነበር። ኋላ ግን አያቴ ልጅ ሲታመም ያንኑ ዕጣን ታጥነን እንደነበር ትዝ አለኝ።

ባለፈው ዓመት ለቺንግሚንግ ወደ አገራቸው ይዘውኝ ሄዱ። ቺንግሚንግ መቃብር የሚጸዳበት በዓል ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 26 ወይም 27 ገደማ ይውላል፤ ብዙ ጊዜም በጾማችን ውስጥ። ባቡሩ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። የቤተሰቡ መቃብር ከኮረብታው ወገብ ላይ፣ ክንዱን እንደ ዘረጋ ወንበር በግማሽ ክብ የታነጸ ነው። ከሼንዠን የመጡ ወንድማማቾች ነበሩ። አንድ ወጣት ደግሞ ከባንኮክ መጥቷል፤ ቅድመ አያቱ ከዚህ መንደር ተነሥተው ወደ ታይላንድ የተሰደዱ ናቸው። ልጁ ቻይንኛ የሚያውቀው ለሰላምታ ያህል ነው፤ የትኛው ድንጋይ የማን እንደ ሆነ ግን በትክክል ያውቃል።

እኔ ግን የፈራሁት ነገር ነበር። ክርስቲያን ነኝ፤ ለሙታን በቀረበ መሥዋዕት ፊት ምን ላድርግ ብዬ ሌሊቱን ተጨንቄበታለሁ። አዪ ነገሩን ሳልናገር ገምተውታል። «አንተ አትስገድ፤ ሣሩን እጨድ» ብለው ማጭድ ሰጡኝ። አጨድኩ። ሌሎቹ ድንጋዩን በውኃ አጠቡ። ከዚያ ትልቁ ወንድም በርከክ ብሎ በቀጭን ብሩሽ፣ ዝናብና ፀሐይ ያደበዘዙትን ፊደላት አንድ በአንድ እየተከተለ በቀለም አደሳቸው። ሁሉም ዝም ብሎ ያየው ነበር። ሕፃናቱ እንኳ ጸጥ አሉ። አንዱን ፊደል ሲጨርስ ከባንኮክ ለመጣው ልጅ ጮክ ብሎ ያነብለታል፤ ልጁም ይደግማል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያ የተረሳ የሚመስል ድንጋይ ትናንት የቆመ ይመስል ነበር።

ከዚያ ዶሮው፣ ብርቱካኑ፣ ሻዩ ቀረበ፤ ለሙታን ገንዘብ ተብሎ የተሠራ ወረቀት ተነባብሮ በብረት በርሜል ውስጥ ነደደ። የደን ቃጠሎ ይነሣል ተብሎ በብዙ ቦታ ተከልክሏል፤ በአበባ እንዲተካም ይመከራል። በመጨረሻም በዚያ አገር ልማድ ቀይ ደም ያለው የባሕር ቀንድ አውጣ መሰል ነገር ተበላና ቅርፊቱ እንደ ሳንቲም መቃብሩ ላይ ተበተነ። ሙታን የበሉትን ሕያዋን በሉት።

ተዝካራችን ትዝ አለኝ። እኛ ስለ ሞተው ሰው ካህኑንና ነዳያኑን እናበላለን፤ እነርሱ ለሞተው ሰው አቅርበው ራሳቸው ይበላሉ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ የእኛው የተራበ ሰው ሆድ ይገባልና እኔ የእኛን እመርጣለሁ። ግን ደግሞ የአርባው፣ የሙት ዓመቱ ድግስ ካለፈ በኋላ መቃብሩን የሚያስበው ስንቱ ነው? በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ የአክስቶቼ ልጆች አያታችን የት ደብር እንዳረፉ አያውቁም። ከባንኮክ እንደመጣው ልጅ ዘመድ ይዞ የሚያሳያቸው፣ የሚያስነብባቸውም የለም።

ወደ መንደሩ ስንወርድ የጎሳውን አዳራሽ አሳዩኝ፤ የአያት ቅድመ አያቶቹ ስም የተጻፈባቸው ጣውላዎች በደረጃ የተደረደሩበት። ጣውላዎቹ አዲሶች ናቸው። በ1966 እ.ኤ.አ. የባህል አብዮቱ ሲጀመር «አራቱ አሮጌዎች ይውደሙ» ተብሎ አሮጌ ሐሳብ፣ ባህል፣ ልማድና ወግ ጠላት ሆኑ። በዚያው ዓመት ኅዳር ቀይ ዘቦች የሚባሉት የማኦ ወጣት ተከታዮች የኮንፊሺየስ የትውልድ ከተማ ቹፉ ድረስ ሄደው መካነ መቃብሩን አፈራርሰዋል። የአዪ መንደር ጣውላዎችም ግቢ ውስጥ ነደዱ፤ አዳራሹ የእህል መጋዘን ሆነ። የአዪ አማት የዘር ሐረጉን መዝገብ በዘይት ወረቀት ጠቅልለው ጣሪያ ሥር ደበቁት፤ አሁን ያሉት ስሞች የተገለበጡት ከዚያ ነው። ቺንግሚንግ የሕዝብ በዓል ሆኖ ሥራ የተዘጋበት ገና በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። አርባ ዓመት ያህል ሰዎች ያንን ሁሉ በጓዳቸው ነው ያቆዩት። «የቤት ነገር» ማለታቸው የገባኝ እዚያ ነው። ተቋም ሲሆን ይዘጋል፣ አለቃው ይታሠራል፤ ቤት ውስጥ ያለውን ግን ማን ይደርስበታል?

እኛም ይህን እናውቀዋለን። ደርግ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው አውርዶ አሠራቸው፤ በ1971 ዓ.ም. ከመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ጋር ገደላቸው። እናቴ በዚያን ዘመን የሚካኤልን ዝክር መስኮት ዘግታ ትዘክር እንደ ነበር ትነግረኛለች። ለአዪ ይህን ስነግራቸው እጄን ያዙኝ።

በገበያ ቦታም ይኸው መንፈስ አለ። ዕቃ የምረከብባቸው ሱቆች ውስጥ ከገንዘብ መሳቢያው አጠገብ ፊቱ ቀይ፣ ጢሙ ረጅም የሆነ ጦረኛ ይቆማል፤ ጓን ጎንግ ይሉታል። በ3ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተገደለ የጦር አዛዥ ነው። ነጋዴ ለምን ወታደር ያከብራል ብዬ ስጠይቅ «ቃሉን ስላልበላ» አሉኝ። በብዙ ጥቅም ተደልሎ ወዳጁን ያልከዳ ሰው ነው። በቃል ብቻ ብዙ ገንዘብ በሚንቀሳቀስበት ሥራችን የምሥሉ ትርጉም ይህ መሆኑ አስደስቶኛል።

አንድ ነገር ግን ልደብቅ አልፈልግም። ሁሉንም መጨመር፣ ምንንም አለመተው፣ ለእኔ አይሆንልኝም። እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ መርከቦች የመራው የሚንግ ዘመን አድሚራል ዠንግ ሄ ከሙስሊም ቤተሰብ የተወለደ ነው። በስሪ ላንካ ጋል ከተማ የተገኘው፣ በ1409 እ.ኤ.አ. የተጻፈው ድንጋዩ በሦስት ቋንቋ ለሦስት ስጦታ ያቀርባል፦ በቻይንኛ ለቡድሃ፣ በታሚል ለሂንዱ አምላክ፣ በፋርስኛ ለአላህ። ይህን ሳነብ የሕዝቡ ልብ ስፋት ይታየኛል፤ እኔ ግን «ከእኔ በቀር ሌሎች አማልክት አይሁኑልህ» የሚለውን ተምሮ ያደገ ልጅ ነኝ፤ እዚያ ድንጋይ ላይ ስሜን አልጽፍም። አዪም ጻፍ አላሉኝም። አንገቴ ላይ ያለውን ማዕተብ አንድም ቀን ስለ ምን አሠርከው ብለው አልጠየቁኝም።

በቺንግሚንግ ዕለት ማታ፣ ከመቃብሩ ተመልሰን እግራችንን ታጥበን ሻይ ስንጠጣ፣ አዪ ጥያቄ አመጡ። «የአባትህን መቃብር ማን ያጸዳል?»

አባቴ ያረፈው ቻይና ድንበሯን በዘጋችበት በወረርሽኙ ዘመን ነው። ብወጣ መመለስ አልችልም ነበር፤ አልሄድኩም። የቀበረው እድሩ ነው፤ ድንኳኑን የተከለው፣ እናቴን ለብቻዋ ያላሳደረው እድሩ ነው። ይህን ሳስረዳቸው ተደነቁ። ጎረቤት፣ በሥጋ የማይዛመድ ሰው፣ በየወሩ ገንዘብ እያዋጣ ሰው ይቀብራል? ደግመው ደጋግመው ጠየቁኝ። እዚህ ሟችን የሚሸኘው ልጅ ነው፤ ልጅ የሌለው ሰው ሞቱን አብዝቶ ይፈራል። «እናንተ ዕድለኞች ናችሁ» አሉ። ከዚያ ጥቂት ቆይተው «ግን አንተ እስካሁን አላየኸውም» አሉኝ።

ጓንግዡ እንደ ተመለስኩ ለእናቴ ደወልኩ። የተለመደውን ጥያቄዋን ከማንሣቷ በፊት እኔ ቀደምኳት።

«እማዬ፣ የአባዬ ድንጋይ ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበባል?»

ዝም አለች። ቆይታ «ስሙ ይነበባል፤ ቀኑ ጠፍቷል» አለችኝ።

ትንሽ ብሩሽ ገዝቻለሁ። ቀለሙን እዚያው መርካቶ አገኘዋለሁ።