ለጋሹ ከነቤተሰባቸው

ባለፈው እሑድ ደብራችን ውስጥ አዲስ የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅሎ አየሁ። ከሥሩ የለጋሹ ስም በወርቅማ ፊደል ተጽፏል፣ «ከነቤተሰባቸው» የሚል ተጨምሮበት። ከፊቴ የነበሩ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ሊሳለሙ ቀረቡ። ሥዕሉ ለቁመታቸው ራቀ። ከንፈራቸው ያረፈው ስሙ ላይ ነው።

እኔ ለጋሾችን አልነካም። ትሑቶች ናቸው። «ግራ እጅህ አይወቅ» ተባለ እንጂ «ሠዓሊው አይወቅ» መቼ ተባለ?

የዚህ ትሕትና መምህር ደግሞ ያኮፖ ፔሳሮ ናቸው፣ የጳፎስ ጳጳስ። እ.ኤ.አ. በ1502 የሮማውን ፓፓ መርከቦች እየመሩ ሳንታ ማውራ የተባለችውን ደሴት ከቱርኮች በማስለቀቁ ዘመቻ ተካፈሉ። ጀግና ናቸው። በዓመቱ፣ ያኔ ራሷን የቻለች መንግሥት የነበረችው የጣሊያኗ ከተማ ቬኒስ፣ ደሴቷን መልሳ ለቱርኮች ሰጠች። ሌላ ሰው ቢሆን ወሬውን ያዳፍነው ነበር። እሳቸው ግን በ1519 ቲሺያንን የሚያህል ሠዓሊ ጠርተው፣ በቬኒስ ለፍራሪ ቤተ ክርስቲያን የመሠዊያ ሥዕል አዘዙ። 7 ዓመት ፈጀ። ቁመቱ ወደ 5 ሜትር ይጠጋል፤ ትሕትና ቦታ ይፈልጋላ!

በግራ ጳጳሱ ተንበርክከዋል። ከኋላቸው ጥሩር የለበሰ ወታደር ትልቅ ሰንደቅ ይዟል፤ ሰንደቁ ላይ የፓፓው ቤተሰብ አርማ፣ የፔሳሮም አርማ አለ። አጠገቡ ጥምጥም ያሰረ ምርኮኛ ቆሟል። ደሴቷ መመለሷን ሰማይ ቤት አልሰሙም ተብሎ ይሆናል። ቅዱስ ጴጥሮስ ንባቡን አቋርጦ ጳጳሱን ያያቸዋል። በቀኝ በኩል አምስት የፔሳሮ ወንዶች። ሀብቱን ሁሉ ጥሎ የመነነው ቅዱስ ፍራንሲስ «እነዚህም አሉ» ብሎ በእጁ ያሳያል፤ አስተናጋጅ ሆኗል። እመቤታችንስ? ከመሃል ወደ ጎን ፈቀቅ ብላለች። የሥዕል ሊቃውንት ይህን አደራደር ለድፍረቱ ያደንቁታል። እኔም አደንቃለሁ። እንግዳ ሲበዛ ባለቤት ቦታ ይለቃል።

እቴጌ ምንትዋብ ይህን አላወቁበትም። ጣና ላይ ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እሳቸው፤ የተሣሉት ግን ከእመቤታችን እግር ሥር፣ በደረታቸው ወድቀው። የዛሬ ለጋሽ ቢያማክራቸው «ምነው ቀና ቢሉ» ይላቸው ነበር።

አሁን ቀልዱን ልተወው። ከእነዚያ አምስት ፔሳሮዎች መካከል አንዲት ሚስት፣ አንዲት እህት የለችም። የኛም ደብር ለሥዕሉ ሲለምን፣ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ የተጨማደደ 10 ብር የጣለች ሴት በዓይኔ አይቻለሁ። ስምሽ ማን ነው ያላት የለም። ያ ወርቅማ ፊደል እኮ በእሷም ብር ነው የተጻፈው! እንዴት አያፍሩም?

ደግነቱ፣ ቬኒሱ ሥዕል ላይ አንድ ልጅ አለ። ከአምስቱ ትንሹ ነው። ሽማግሌዎቹ ደረታቸውን ነፍተው ተንበርክከዋል። እሱ ግን አንገቱን አዙሮ በቀጥታ እኛን ያያል። ፊቱን አውቀዋለሁ፤ በየሰርጉ ፎቶ ላይ አለ። «ዝም ብለህ ቁም» ተብሎ የተቆጣ፣ መቼ ነው የምንሄደው የሚል ልጅ ፊት።